ስሙን ዳገት ወጥታችሁ ጥሩት

ጋሽ ምትኩ ማረፋቸውን የነገረችኝ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው መቅደስ ናት። "አልማዝዬ፣ ጋሽዬ አረፉ" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሕንፃችን ውስጥ ተናጋሪው እሳቸው ነበሩ፤ እኛ ሰሚዎች ነን።

በማግስቱ መሪ ሰፈር ያለው የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ከደብረ ብርሃን የመጡ አንድ የሟች ዘመድ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሕፃናት በድንኳኑ ገመድ መሀል ይሯሯጣሉ፤ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጣራሉ።

"ቲርጻ፣ ውረጂ ከዚያ።"

"ኤልያሳፍ፣ አባትህን ልጠራልህ ነው።"

"ሲፓራ፣ ጫማሽስ?"

"ኑዓ፣ እስቲ አንዴ እንኳ ቁጭ በይ።"

ሰውየው ሲያዳምጡ ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ደበበ የሚባል ልጅ የለም እንዴ?" አሉኝ።

ልቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ጋሽ ምትኩ ቢሰሙ ኖሮ ከተቀበሩበት ተነሥተው፣ "ለመሆኑ ደበበ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?" ብለው የሰውየውን እጅ ይይዙ፣ እስኪነግሩትም አይለቁትም ነበር።

ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዕብራይስጥ ሊማሩ ኢየሩሳሌም ሄደው ዓመታት ተቀምጠዋል። ሌላው ሰው ከዚያ መስቀልና ጧፍ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ይዘው የመጡት ስም ነው። አንድ ስም በጆሯቸው ሲገባ መንገድ መሀል ይቆማሉ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" ይላሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ተቀምጠው ከሆነ ጉልበታቸው ላይ ይደፉታል፤ ቆመው ከሆነ ደረታቸው ላይ ይይዙታል። ከዚያ በኋላ የያዙትን ጉዳይ እርሱት። ስንትና ስንት ቀን ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ያለ ዳቦ ተመልሰዋል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ኋላም በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆንኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ነገር ዝም ብሎ አያምንም፤ ጣቱን እያስኬደ ይፈትሻል። ከጋሽ ምትኩ ጋር ያወዳጀን ይኸው አመሌ ነው፤ የጀመረውም ታክሲ ውስጥ ነው።

ወደ መገናኛ እየሄድን ነበር፤ ያኔ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት እናት ልጇን "ሀደሳ፣ እጅሽን ከመስኮቱ አስገቢ" አለቻት።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ምትኩ፤ ባርኔጣው ወረደ። "ልጄ፣ ስሟን ማን አወጣላት?"

"እኔ ነኝ። ቸርች ሰምቼው። አስቴር ማለት ነው አሉኝ።"

"የአስቴር ሌላ ስሟ ነው፤ እሱስ ልክ ነው። ትርጉሙንስ ነግረውሻል?"

"የዕብራይስጥ ነው" አለች፤ በዚያ ያለቀ መስሏት።

"አደስ ነው ልጄ። እናትሽ ቅቤ ውስጥ የምትጨምረው፣ ፀጉርሽን ስትቀቢ የሚሸትሽ አደስ። እነሱ ሀዳስ ይሉታል። ከሩቅ አገር ያመጣሽው መስሎሽ ከእናትሽ ጓዳ ነው ያመጣሽው።"

ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን አየች፤ አንዴ ልጇን አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ የልጇን ራስ አሸተተች። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ገንዘብ መሰብሰቡን ትቶ፣ "ፋዘር፣ የእኔንስ?" አላቸው።

"ማን ትባላለህ?"

"ዳግም።"

"እሱን አማርኛው ነግሮሃል። ደግመህ አትጠይቀኝ።"

መገናኛ ወርደን እንኳ አላበቁም። ስሙ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ በየምዕራፉ እንደሚገኝ እየነገሩኝ የባቡሩን ድልድይ አለፍን። ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግሁ። ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁና፣ "ጋሽ ምትኩ፣ ሀደሳ የሚለው ስም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው" አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን ከመስቀያው አንሥተው አደረጉት፤ መልሰው ሊያወልቁት ነው። "ተያዝኩ" አሉ። ፊታቸው ስጦታ እንደተቀበለ ሰው በራ። "ይኼን ሁሉ ዓመት ሳወራ አንድ ሰው እንኳ ሄዶ አይቶ አያውቅም። ግቢ፣ ግቢ። አራሚዬ ነሽ ከዛሬ ጀምሮ።"

አራሚያቸው ሆንኩ። ስም ፍለጋ የሚመጣውን ሁሉ ወደ እኔ ይመሩት ጀመር፤ "አልማዝ ሳታየው ስም አይጸናም" እያሉ። የሚመጣው ሰውም ብዙ ነበር። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም፣ ነጋዴውም ተማሪውም፣ ሁሉም ሰው የሌለው፣ የማይደገም ስም ለልጁ ይፈልጋል። በርሜሉ አንድ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ። ቀጂው ግን እንደ ጋሽ ምትኩ አልነበረም።

አንድ ቀን ናሆም የሚባል፣ ባንክ የሚሠራ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። ብርቅዬ የዕብራይስጥ ስሞች ከሚል ዝርዝር ውስጥ አንዱን መርጧል። "ናባል" አለ። "ፈርስት ሌተሩም ከእኔ ጋር ማች ያደርጋል።"

ጋሽ ምትኩ ከንፈራቸውን ነከሱ። "ምኑን ወደድክለት?"

"በጣም ሀብታም ሰው ነበር ይላል። በጉ ብቻ በሺህ ነው።"

"ሀብታምስ ነበር" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አራሚዬ፣ አንቺ ንገሪው፤ እኔ አንጀቴ አይችልም።"

"ቂል ማለት ነው" አልኩት። "የገዛ ሚስቱ ናት፣ እንደ ስሙ ቂል ነው ብላ ለዳዊት የመሰከረችበት።"

ልጁ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተ፣ "እንዴ፣ ይኼን ዌብሳይቱ አላለም" አለ።

"ዌብሳይቱ ልጅ የለውማ" አሉት ጋሽ ምትኩ።

እምነታቸው ይህ ነበር፤ ስም ቃል አይደለም፣ ሰው ነው። ስትወስደው ከነኑሮው ነው። ስለዚህ ትርጉሙን በአንድ መስመር ነግረው አይሸኙም፤ የባለቤቱን ታሪክ ከልደት እስከ ሞት ያወራሉ። የሴት ልጅ አባት ሲመጣማ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለሞተባቸው አምስት እህትማማቾች ይጀምራሉ፤ ሙሴ ፊት ቆመው "ርስታችን ይሰጠን" ብለው ስለተሟገቱትና ስላስፈረዱት። ቲርጻና ኑዓ ከእነዚያ ናቸው። "ኑዓ ማለት መንቀሳቀስ ነው" ይላሉ። "እንቀመጥ ቢሉ ኖሮ መሬቱ ቀርቶባቸው ነበር። አባት ሆይ፣ ይህችን ልጅ አደብ ግዢ ብለህ ከመገሠጽህ በፊት ይህን አስብ።" የእኛ ሕንፃ ኑዓ እስከ ዛሬ አደብ አልገዛችም።

ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ ዳገቱ አለ። ይህን ከማን እንደተማሩት አላውቅም፤ የራሳቸው ሥርዓት ይመስለኛል። ወላጆቹን ይዘው እንጦጦ ይወጣሉ፤ ከኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል። ግቢያችን ውስጥ ከፍ አድርጎ ቢጠሩ በየፎቁ መስኮት ይከፈታልና። እሳቸው ጉቶ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወላጆቹ ይቆማሉ።

"ሰባት ዓመቱ ነው። ጠፍቷል። ጥሩት።"

ይጠሩታል።

"አሁን ደግሞ የጎረቤት መስተዋት ሰብሯል። ጥሩት።"

"ሲጠፋ የማትፈልጊበት፣ ሲያጠፋ የማትቆጪበት ስም ወረቀት ላይ ይቅር" ይሉ ነበር። በዚህ ፈተና ስንት ያማረ ስም ዳገቱ ላይ ቀርቷል። አንድ ጊዜ፣ ሆዷ የገፋ እናት "ኤልያሳፍ፣ ኤልያሳፍ" ብላ ስትጮህ፣ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት ሴት ሸክማቸውን አራግፈው እየሮጡ መጡ።

"ምን ለብሷል?" አሉ እያለከለኩ። "በየት በኩል ነው የሄደው?"

"ኧረ እናቴ" አሉ ጋሽ ምትኩ፣ "ገና አልተወለደም።"

ሴትዮዋ እኛን ተራ በተራ አዩን። "እንግዲያው ምን አስቸኮላችሁ?" አሉና ሸክማቸው ወዳለበት ተመለሱ። ጋሽ ምትኩ ከጉቶው እስኪወድቁ ድረስ ሳቁ። ከዚያም ሸክሙን እስከ ታችኛው መንገድ እያገዙ፣ የሴትዮዋን ስም ሲፈቱላቸው ወረዱ።

ይህን ሁሉ የማወራው ሰውየው ምን ያህል ደስ የሚሉ እንደነበሩ እንዲታወቅልኝ ነው። እኔ ግን እሳቸውን የማልረሳው በመቅደስ ልጅ ስም ምክንያት ነው።

የመቅደስ ባል ብሩክ ሹፌር ነበር። እሷ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት መንገድ ላይ ሞተ። ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ሊያርሷት ከፍቼ መጡና ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ማስረሻ ይባል" አሉ። ልጅቷ "አልረሳም" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ቀን ጋሽ ምትኩና እኔ ልንጠይቃት ገባን። አልጋዋ ላይ ሆና፣ "ስሙን አግኝቻለሁ" አለችን። "ኢካቦድ።"

የጋሽ ምትኩ እጅ ባርኔጣቸው ጋ ደርሶ ቆመ። አላወለቁትም። "ትርጉሙን..." ብለው ጀመሩ።

"አውቀዋለሁ ጋሽዬ። ክብር ሄደ ማለት ነው። ያቺ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለችው የካህን ሚስት ባሏ መሞቱን ሰምታ ነው ልጇን የወለደችው፤ ስሙን ያወጣችለትም ያኔ ነው። ሌላ እኔን የምታውቅ ሴት መጽሐፉ ውስጥ የለችም።"

ወይዘሮ ብርቄ ከጓዳ ወጡ። "እስቲ እርስዎ ይከልክሏት፣ አቶ ምትኩ። ልጅ በመርዶ ይጠራል? እሱ ምን አደረገ? ማስረሻ ቢባል ምን አለበት?"

ጋሽ ምትኩ አመላቸው አልለቀቃቸውም። "እንዲያው ለነገሩ ወይዘሮ ብርቄ፣ ማስረሻ ራሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ምናሴ ነው። ዮሴፍ፣ መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ለበኩር ልጁ ያወጣው።"

"ይኸው፣ ዕብራይስጥ ነው እኮ!" አሉ ወይዘሮ ብርቄ ወደ ልጃቸው ዞረው።

"በዕብራይስጥም አልረሳም" አለች መቅደስ።

ክርስትናው ሲደርስ ስሙን ለዘመድ ሁሉ ራሷ እንደምትናገር፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳያነሣባት ነገረችን። ደረጃውን ስንወጣ ጋሽ ምትኩን ለምን እምቢ እንዳላሏት ጠየቅኋቸው። ናባልን የከለከሉ ሰው፣ ኢካቦድን እንዴት ዝም ይላሉ?

"ያ አላወቀም ነበር፤ ይህች አውቃለች" አሉኝ። "ስሙን ከከለከልኳት ሐዘኗን የከለከልኳት ይመስላታል።" ጥቂት ደረጃ ወጥተው ቆሙ። "ግን አልማዝ፣ ያ ልጅ ይህን ስም ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። በየጠዋቱ ይጠራል። 'አቤት' ማለት አለበት።" ያን ዕለት ድምፃቸው ሌላ ነበር።

አራስ ከቤት አትወጣምና ዳገቱ እስከ ክርስትናው ዕለት ቆየ። ብሩክ ክርስትና የተነሣው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስለነበረ መቅደስ ልጇንም እዚያው አደረገችው፤ ክርስትና እንዲያነሡላት የለመነችውም ጋሽ ምትኩን ነው። ጠዋት፣ ጉሙ ከዛፎቹ ሳይነሣ፣ ካህኑ ሕፃኑን ወልደ ሚካኤል ብለው አጥምቀው ሰጧቸው። ያ የክርስትና ስሙ ነው። የዓለም ስሙ ገና ነበር፤ ዘመዱም እሱን ሊሰማ ግብዣው ላይ ይጠብቃል።

"ነይ እስቲ" አሏት ጋሽ ምትኩ፣ ሕፃኑን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደያዙ። ወይዘሮ ብርቄ ከቅጥሩ በር ላይ፣ "ልጁን ብርድ እንዳታስመቱብኝ" እያሉ ቀሩ። እኔ ተከተልኩ።

ዛፎቹ መሀል ስንደርስ ቆሙ። "ሰባት ዓመቱ ነው። ጠፍቷል።"

መቅደስ ነጠላዋን አጠበቀች። "ኢካቦድ" አለች፤ ቅርብ ላለ ሰው እንደሚነገር።

"ጠፍቷል ልጄ።"

ትንፋሿን ሳበችና ጠራችው። ድምፁ ቁልቁል ወረደ። ስሙ ያምራል፤ አልዋሽም፣ ሲጠሩት ያምራል። ደግማ ጠራችው። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ።

"አሁን የጠራሽው ማንን ነው?" አሏት፤ በጣም በቀስታ።

"ብሩክን" አለች።

ጋሽ ምትኩ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። ሰፈሩ በሙሉ ስም ሲያስፈታቸው የእሳቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ያን ጠዋት ሳይጠየቁ ተናገሩ።

"ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። ሮጦ ሳይጠግብ ሞተ። እኔ ተወለድኩና ምትኩ አሉኝ። እናቴ መልካም ሴት ነበረች፤ ከማንም አላሳነሰችኝም። ግን ስትጠራኝ ድምፅዋ መሀል ላይ ዝቅ ይላል። አቤት ብዬ እየሮጥኩ እመጣለሁ። ፊቷን አየዋለሁ። የጠበቀችው እኔን አይደለም። አሁን ሽማግሌ ሆኜ እንኳ ሰው ሲጠራኝ፣ አብሮኝ ሌላ ልጅ አቤት የሚል ይመስለኛል።"

ሕፃኑ ተንፈራገጠ፤ ጋቢውን አስተካከሉለት። ከዚያ ያ የማውቀው ፈገግታ ከየት እንደሆነ እንጃ መጣ። "ኢየሩሳሌም ሳለሁ ስሜን ፈለግሁት፤ አገኘሁትም። አቤል ሲሞት በምትኩ የተወለደው፣ ሴት የተባለው ነው። አስተማሪዬ፣ እንግዲህ ሴት ብዬ ልጥራህ አለኝ። ኧረ ጌታዬ፣ አገሬ ስገባ ምን ልባል ነው አልኩት።"

መቅደስ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ማን ቢባሉ ይወዱ ነበር ጋሽዬ?" አለቻቸው።

ለማሰብ እንኳ አልቆዩም። ሕፃኑን ለእኔ አቀበሉኝና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ይዲድያ" አሉ። "ዳዊት ልጅ ሞቶበት ሌላ ልጅ ተወለደለት። ልክ እንደ እኛ ቤት። ምትኩ ሊሉት፣ ካሳ ሊሉት ይችሉ ነበር። ነቢዩ መጣና ይዲድያ አለው። በእግዚአብሔር የተወደደ። በቃ፣ የማንም ፋንታ አይደለም፤ ተወደደ። ልጁ ሰሎሞን ተብሎ ገነነና ይኼኛው ስም ሜዳ ላይ ቀረ። ይዲድ ወዳጅ ማለት ነው፤ ወደደ ከምንለው ከእኛው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። አየሽ? ሥሩ አንድ ነው።" ተነሥተው ቆመው ነበር። "አራሚዬ፣ አለ የለም?"

"አለ" አልኩ። "አንድ ቦታ።"

"አንድ ቦታ ይበቃል።" ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። "ለልጁ ብዬ አይደለም። ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። የልጁን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ኢካቦድ ካልሽም እኔ ኢካቦድ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አላደርግም።"

መሪ ስንደርስ ግቢው ሞልቶ ጠበቀን። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን እያደራረቁ መጥተው መቅደስ ፊት ቆሙ። "በይ እንግዲህ፣ ዳገቱንም ወጥተሻል። ማን ልንለው ነው?"

መቅደስ ተነሣች። "ይዲድያ ብሩክ" አለች። ከዚያ እናቷን እያየች፣ "ብሩክን ልጁ ላይ መጫን የለብኝም እማዬ። የአባቱ ስም ነው፤ ከኋላው ይከተለዋል። የትም አይሄድም።"

"ይዲድያ" አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ አፋቸው ውስጥ እያላመጡት። "ምን ማለት ነው?"

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ምትኩ ዞረ። ሕፃኑን ታቅፈው ጥግ ተቀምጠዋል። ባርኔጣው ጉልበታቸው ላይ ነው። አፋቸው ተከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣም። ሰው ሲሰበሰብ ድምፄን አሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከአጠገባቸው ተነሥቼ፣ "የተወደደ ማለት ነው" አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። በዚያ ጫጫታ መሀል ጋሽ ምትኩ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ሲሉ አየሁ፤ ያሉትን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"የኔ ነበር፤ ውሰደው። እኔ ምትኩ መባሉን ለምጃለሁ።"